ስለ 2,147,483,647 የሚወራውና እውነታው

«ሃክ ተደርገናል! የደንበኞቻችን ስልክ ቁጥር ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኗል።» እንዲህ ብለው ሲደውሉልኝ ቁጥሩን መስማት አያስፈልገኝም። 2,147,483,647 ነው። ዳታቤዝ፣ ማለትም የመረጃ ማከማቻ፣ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ቁጥር የሚወራው ሰልችቶኛል።

ሃከር የለም። ቁጥር በ32 ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 ብቻ በሚይዙ 32 ቦታዎች፣ ሲቀመጥ አንዱ ቢት ለፖዘቲቭና ለኔጋቲቭ ምልክት ይሄዳል። በቀሩት 31 ቢቶች የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ይኸው ነው፦ 31 ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ። በ251 የሚጀምር ስልክ 12 አሃዝ ስላለው አይገባም። አንዳንድ ዳታቤዝ ደግሞ «አልቻልኩም» አይልም፤ የሚችለውን ትልቁን ጽፎ ያልፋል። አንድ መሥሪያ ቤት ይህን ሁሉ አስረድቼ እንኳ አንቲቫይረስ ገዙ። እባካችሁ፣ ስልክ ቁጥርን በጽሑፍ መልክ አስቀምጡ። አይደመር፣ አይባዛ፤ ቁጥር ያደረጋችሁት ለምንድን ነው? ከፊት ያለችው 0 ራሷ ትጠፋባችኋለች። አንዴ የተበላሸው ደግሞ ከዚያው ሠንጠረዥ አይመለስም፤ ባክአፕ ፈልጉ።

«የዓለም ትልቁ ብቸኛ ቁጥር ነው።» ብቸኛነቱ፣ ማለትም ፕራይም መሆኑ፣ እውነት ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም። ትልቁ ግን አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. የተገኘው ከ41 ሚሊዮን በላይ አሃዝ አለው።

«ኮምፒውተር የመረጠው ብቸኛ ስለሆነ ነው።» የምታበሳጨኝ ይቺ ናት፤ የተማረ ሰው ነው የሚላት። ወንድሞቹን እዩአቸዋ! በ16 ቢት ትልቁ 32,767 ነው፤ 7×31×151። በ64 ቢት ትልቁ 9,223,372,036,854,775,807 ነው፤ እሱም ለ7 ይካፈላል። የኛው ብቸኛ የሆነው በአጋጣሚ ነው። ሦስቱም በ7 ስለሚያልቁ «በ7 ካለቀ ብቸኛ ነው» የሚለውም አብሮ ይቅር። «31 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ» የሚለው ሻል ይላል፣ ግን አይበቃም። 11 ብቸኛ ነው፤ 11 ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ ግን 2,047 ይሆናል፤ 23×89።

«ታዲያ ያለ ኮምፒውተር ማን አረጋገጠው?» የሂሳብ ሊቁ ኦይለር፣ በ1772 እ.ኤ.አ.፣ ሴንት ፒተርስበርግ ሆኖ። ያውም ዓይኑ ማየት ተስኖት። ሰው እስከ ሁለት ቢሊዮን ድረስ እየተካፈለ የተሞከረ ይመስለዋል። ከ46,340 በላይ መሄድ ከንቱ ድካም ነው፤ ትልቅ አካፋይ ካለ ከዚያ በታች ጓደኛ ይኖረዋል። ዋናው ብልሃት ግን ሌላ ነው። 23ንና 89ን ለ22 አካፍሏቸው፤ ሁለቱም 1 ይተርፋቸዋል። 22 የ11 እጥፍ ነው። በዚሁ ሕግ የኛ ቁጥር አካፋይ ቢኖረው ለ62፣ ማለትም ለ31 እጥፍ፣ ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት። ለ8 ሲካፈል ደግሞ 1 ወይም 7። ሁለቱን የሚያሟሉት እስከ 46,340 ድረስ 400 እንኳ አይሞሉም። ብዕርና ትዕግሥት ካለ በእጅ ያልቃል።

«በ2038 እ.ኤ.አ. ኮምፒውተር ሁሉ ይቆማል።» ሁሉም አይደለም። ከ1970 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንስቶ ሰከንድ በ32 ቢት የሚቆጥሩት ብቻ ናቸው የሚያሰጉት። ለእነሱ ቆጠራው እዚሁ ቁጥር ላይ ደርሶ የሚሞላው በኛ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ነው፤ የጥምቀት ዕለት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። በቀጣዩ ሰከንድ ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894፣ ወደ ምኒልክ ዘመን ይመለሳሉ። ያረጀ ሲስተም ካላችሁ አቅራቢውን ከአሁኑ ጠይቁ። በዓል ቀን ቴክኒሻን አይገኝም።