ከዜና ክፍል ወጥቶ ፋሽን መሥራት፦ የሚባለውና እውነታው

ጋዜጠኛ ደሞዙን ትቶ ስለ ልብስ መጻፍና ቪዲዮ መሥራት ሲጀምር የማይባለው ነገር የለም። አንዱ ያዝንለታል፣ ሌላው ይቀናበታል። እኔ ለዓመታት ዜና ስዘግብ ቆይቼ አሁን ስለ ሀገር ልብስ፣ ስለ ሸማኔዎችና ስለ ዲዛይነሮች በግሌ እጽፋለሁ፤ ቪዲዮም እሠራለሁ። «እኔም ልውጣ እንዴ?» የሚሉኝ ወጣት ጋዜጠኞች ብዙ ናቸው። ጥያቄው ጥሩ ነው። አብሮት የሚመጣው ግምት ግን ብዙ ጊዜ ስህተት ነው፤ ስህተት መሆኑ የሚገባው ደግሞ ሥራ ከተለቀቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ቀድሞ ቢነገር ይሻላል። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ቁም ነገር ትተሽ ጨርቅ ማሳየት ጀመርሽ»

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው። ልብስ ውስጥ ደሞዝ አለ፣ ንግድ አለ፣ ፖለቲካ አለ፣ ሞትም አለ። በ2013 ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ሕንፃው ውስጥ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሱቆች ልብስ ይሰፋ ነበር። ወደ እኛ ስንመጣ፣ የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ተመረቀ። በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የልብስ ሠራተኞቻችን መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ገደማ መሆኑን ገለጸ። በ2021 መጨረሻ ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሀዋሳ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በጥር 2022 ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው የንግድ ዕድል፣ ተወገደች። እነዚህን ዜናዎች የኢኮኖሚ ዘጋቢ ሲሠራቸው ቁም ነገር ይባላሉ። የፋሽን ዘጋቢም መሥራት ያለበት እነዚህኑ ነው።

የዋሽንግተን ፖስቷ ሮቢን ጊቫን በ2006 የአሜሪካ ጋዜጠኞች የሚመኙትን የፑሊትዘርን ሽልማት በሂስ ዘርፍ ሲያሸንፉ የሚጽፉት ስለ ፋሽን ነበር። ከፋሽን ጸሐፊዎች የመጀመሪያዋ ተሸላሚ እሳቸው ናቸው። ብዙ ካነጋገሩት ጽሑፎቻቸው አንዱ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ዲክ ቼኒ በ2005 ናዚዎች አይሁዶችን በፈጁበት ካምፕ፣ በአውሽዊትዝ፣ መታሰቢያ ላይ ስለለበሱት ጃኬት ነው። የሌሎች ሀገራት መሪዎች ጥቁር ካፖርት አድርገው በተቀመጡበት እሳቸው ለበረዶ መጥረጊያ የሚሆን ጃኬትና የሹራብ ኮፍያ አድርገው ነበር የመጡት። እኛ ደግሞ ይህን ማንበብ ከእናቶቻችን ነው የተማርነው። ነጠላ የለበሰች ሴት ሐዘን ላይ ትሁን ወይም ቤተ ክርስቲያን እየሄደች፣ ጥለቱ የት እንዳረፈ አይተን እናውቃለን። ይህን ማየት የሚችል ሰው ዘጋቢ መሆን ይችላል።

«ጥሩ ካሜራና ቆንጆ ልብስ ካለ ይበቃል»

ሽሮ ሜዳ አንድ ጠዋት ቁሙና እዩ። ሱቆቹ በነጭ ተሞልተዋል። ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ጋቢ፣ ሁሉም ነጭ ነው። ስልካችሁን አውጥታችሁ ቀሚስ የለበሰችን ልጅ በቀትር ፀሐይ ስትቀርጹ፣ ካሜራው ነጩን አይቶ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ፊቷ ይጠቁራል። ፊቷን ልታበሩ ስትሞክሩ ደግሞ ቀሚሱ ብርሃን በዝቶበት ይነጣና ሸማኔው ቀናት የፈጀበት ጥበብ ድራሹ ይጠፋል። መፍትሔው ውድ ካሜራ መግዛት አይደለም። ልጅቷን ወደ ጥላ ማስገባት፣ ስክሪኑ ላይ ፊቷን ተጭኖ ብርሃኑን መቆለፍ፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነው። ጠዋት ወይም ወደ አመሻሹ ከሆነ ደግሞ ሥራው ግማሽ ይቀላል።

ድምፅም እንዲሁ ነው። ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ነጠላ ሥር ከገባ ሰውየው በተነቃነቀ ቁጥር ይንኮሻኮሻል፤ ቃለ ምልልሱ ሁሉ ይበላሻል። ሸማኔ ቤት ውስጥ ደግሞ መወርወሪያው ወዲያ ወዲህ ሲል የሚያወጣው ድምፅ ራሱ ታሪክ ነው። እኔ ያንን ለብቻው እቀዳዋለሁ። ሸማኔው ጋሼ፣ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ዘርግተው፣ ቀሰሙ ላይ ያለው ክር ሲያልቅ ቆም ብለው ሲቀይሩ ያለችው ፀጥታ፣ ያቺን መቁረጥ አልወድም። ተመልካች የእጅ ሥራ ለምን ጊዜ እንደሚፈጅ የሚገባው እዚያ ላይ ነው።

ከካሜራው በላይ የሚያስፈልገው ግን ጥያቄ ነው። «ይህ በእጅ የተሠራ ነው» ሲሏችሁ አመስግናችሁ አትለፉ። ጨርቁን ገልብጡት። የታተመ ጥለት ከሆነ ቀለሙ ፊት ለፊት ደምቆ ጀርባው የፈዘዘ ወይም ባዶ ይሆናል። የተሸመነ ከሆነ ክሩ ከጀርባም ይታያል። ከዚያ «ማን ሠራው? ፈትሉ ከየት መጣ? ሸማኔው ከዋጋው ስንት ደረሰው?» በሉ። የፋብሪካ ጨርቅ መሸጥ ነውር የለውም። በእጅ ዋጋ መሸጡ ግን ዘገባ ያስፈልገዋል። ዜና ክፍል ያስተማረኝ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ የተነገረህን ሳታጣራ አትጻፍ። ወደ ፋሽን ስትመጡ ይህን ጥላችሁ ከመጣችሁ ብትቀሩ ይሻላል።

«ስሜ ይከተለኛል»

አይከተልም። ሰው የሚያውቀው ጣቢያውን ነው። የምሽት ዜና ላይ ያየሽ ሁሉ ስለ ጥልፍ የሠራሽውን ቪዲዮ ሊያይ ይመጣል ብለሽ አትጠብቂ።

ስሌቱን እንየው። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ የሚያካፍለው 1,000 ተከታይ ላለውና ቪዲዮዎቹ በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት ለታዩለት ነው። በአጫጭር ቪዲዮ ለሚመጣ ደግሞ ከተከታዩ ጋር በ90 ቀን 10 ሚሊዮን እይታ ይፈልጋል። 4,000 ሰዓት ማለት 240,000 ደቂቃ ነው። አንድ ተመልካች በአማካይ አራት ደቂቃ ቢቆይላችሁ 60,000 ጊዜ መታየት አለባችሁ። ያ ሁሉ ሆኖም ገና በሩ ተከፈተ እንጂ ገቢው ኑሮ አይሸፍንም። የብዙዎቻችን እንጀራ የሚመጣው ከሌላ ነው፤ ለሌሎች በመጻፍ፣ ለሱቆችና ለዲዛይነሮች ቪዲዮ በመቅረጽ፣ በማረም፣ በመተርጎም። የግል ቻናሌ ማሳያዬ ነው፤ ሥራ ሰጪዎች የሚያገኙኝ በእሱ ነው።

«ፍሪላንሰር አለቃ የለበትም»

ሳይቀጠር ለየደንበኛው የሚሠራ ሰው አንድ አለቃ የለበትም፣ ብዙ አለበት። ደንበኛው፣ ቪዲዮውን ለማን እንደሚያሳይ የሚወስነው አልጎሪዝም፣ የቤት ኪራዩ፣ የኢንተርኔት ጥቅሉ። ከሁሉም የሚከብደው አለቃ ግን በዓል ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ለፋሽን ጸሐፊ የሥራ ዕቅድ ነው። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ የጥር ሰርግ፤ ሰው ልብስ የሚፈልገው ያኔ ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ዲዛይነር ጋ ደውላችሁ ቃለ ምልልስ ብትጠይቁ ስልክም አታነሳላችሁ፤ ልክ ናት። እኔ የጥምቀትን የምሠራው ኅዳር ላይ ነው።

የጠፋውንም መቁጠር ያስፈልጋል። የግል ድርጅት ቀጣሪ ለጡረታ የሚያስገባላችሁ 11 በመቶ ከወጣችሁ ጀምሮ ይቆማል። ሕክምናውም እንደዚያው። የኒውዮርኩ የጎዳና ፋሽን ፎቶግራፈር ቢል ካኒንግሃም ለዓመታት ለኒውዮርክ ታይምስ በፍሪላንስ ሠርተዋል፤ ቅጠሩኝ ማለት አይወዱም ነበር። በ1994 ብስክሌት ላይ ሳሉ መኪና ከገጫቸው በኋላ ነው ቋሚ ቅጥር የተቀበሉት፤ ምክንያቱም የጤና ኢንሹራንስ ነበር። እንደ እሳቸው ነፃነቱን የሚወድ ሰው አልነበረም። ነፃነቱን የምትወዱ ከሆነ የጡረታውንና የሕክምናውን ከመጀመሪያው ክፍያ ጀምራችሁ ራሳችሁ አስቀምጡ።

የሚያርምህ ኤዲተርም አይኖርም። እኔ ከመልቀቄ በፊት ለአንዲት የድሮ ባልደረባዬ ጽሑፉን እልክላታለሁ፤ የእሷንም አነባለሁ። ይህን ልማድ ካልያዛችሁ በስድስት ወር ውስጥ አጻጻፋችሁ ይላሽቃል። ፎቶ ከሌላ ሰው ገጽ አንስቶ መለጠፍም የለም፤ የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 (ይህቺ በእኛ አቆጣጠር ናት) ለፎቶግራፍም ይሠራል።

«ዋናው ጥቅሙ ነፃ ልብስ ነው»

በ2009 መስከረም ላይ ዶልቼ ኤንድ ጋባና የተባለው የጣሊያን ፋሽን ቤት ሚላን ውስጥ ባደረገው ትርኢት ብሎገሮችን (በግል ድረ ገጻቸው የሚጽፉትን) ፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጠ፤ ላፕቶፕ ፊታቸው ተደርጎላቸው። እነ ብራያንቦይ፣ ስኮት ሹማን፣ ጋራንስ ዶሬ። የፋሽን ዓለም በዚያ ተንጫጫ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 1 ደግሞ የአሜሪካው የንግድ ኮሚሽን ያሻሻለው መመሪያ ሥራ ላይ ዋለ፤ ብሎገር ገንዘብ ወይም ዕቃ ተቀብሎ ዕቃውን ካወደሰ መቀበሉን መናገር አለበት የሚል። ወንበሩና መመሪያው በአንድ ሰሞን መምጣታቸው ትክክል ነው። ስጦታ ዓይን ይጋርዳል።

ዜና ክፍልም ከዚህ ንጹሕ አልነበረም። ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ «የትራንስፖርት» ተብሎ ፖስታ ሲታደል ያላየ ጋዜጠኛ ያለ አይመስለኝም። ልዩነቱ፣ እዚያ ቢያንስ የሚሸፍን ስም ነበረ። እዚህ ስሙ የእናንተው ብቻ ነው። የእኔ ደንብ አጭር ነው። ቀሚሱ በስጦታ ከመጣ ቪዲዮው ሲጀምር በአፌ እናገራለሁ፤ ከሥር በደቃቅ ጽሑፍ አልደብቀውም። የተከፈለበትን ሥራ ከዘገባ ጋር አልቀላቅልም። ሱቁን ልገመግም ከሆነ ደግሞ በገንዘቤ እገዛለሁ፣ ዋጋውንም እናገራለሁ። በዚህ ምክንያት የቀረብኝ ሥራ አለ። ይቅር።

«ጋዜጠኛና ብሎገር አይዋደዱም»

ድሮ እውነት ነበር። ከ1988 ጀምሮ በኢንተርናሽናል ሄራልድ ትሪቢዩን ጋዜጣ ስለ ፋሽን የጻፉት ሱዚ ሜንከስ በ2013 በየሾው በር ላይ ፎቶ ለመነሳት የሚያሸበርቁትን ብሎገሮች አምርረው ተቹ። በቀጣዩ ዓመት ራሳቸው ቮግ ወደተባለው የፋሽን መጽሔት የኢንተርኔት ገጾች ተሻገሩ። ከዚያም በ2020 ያንን ለቀቁ። ትችታቸው ዛሬም ልክ ይመስለኛል፤ መሸጋገራቸውም ልክ ነው።

«አሁን የሚያነብ የለም፣ ቪዲዮ ብቻ ነው»

ቪዲዮ ሰው ያመጣል፤ ጽሑፍ ደግሞ ሰውን ያገለግላል። ዋሽንግተን ዲሲ ያለች ሙሽራ ከሽሮ ሜዳ ቀሚስ ልታዝ ስትፈልግ የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ ስትጎረጉር አትውልም። የምትፈልገው ልኬቱን በሜትር እንዴት እንደምትወስድ፣ ፈትል የሚባለው ጨርቅ መነን ከሚባለው በዋጋ በምን እንደሚለይ፣ ቀብድ ስንት እንደሚጠየቅ፣ ሽመናው ስንት ሳምንት እንደሚፈጅና በማን እጅ እንደሚላክ ነው። ይህን ሁሉ በጽሑፍ አስቀምጣለሁ፤ ዋጋ ሲቀየር ቀኑን ጽፌ አስተካክለዋለሁ። የሙሽራዋ እናት ሸማኔውን ከማነጋገሯ በፊት የምታነበውም እሱን ነው።