«64 ሺህ ዶላር ሰበሰብን»፦ ስለ ስኮላርሺፕ የጨረታ እራት የሚነገሩ ስሕተቶች

ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አንድ የሀበሻ ማኅበር ለአሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ ያዥ ሆኜ አገልግያለሁ። የእንጀራ ሥራዬም ሒሳብ ነው። ማኅበራችን በየዓመቱ የጨረታ እራት እያዘጋጀ፣ ኮሌጅ ገብተው ለሚሮጡና ኳስ ለሚጫወቱ ልጆቻችን የትምህርት ገንዘብ ይሰበስባል። በየዓመቱ አዲስ ኮሚቴ ይመረጣል። በየዓመቱም በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ያንኑ ነገር እሰማለሁ። ዘንድሮ አንድ ወጣት አባል ተነስቶ «በዚያን ዓመት እኮ 64 ሺህ ዶላር ሰብስበን ነበር፤ አሁን ለምን አነስን?» ሲል ትዕግሥቴ አለቀ። ቤቴ ገብቼ የድሮ መዝገቤን አወጣሁና ይህን ጻፍኩ።

«64 ሺህ ዶላር ሰበሰብን»

አልሰበሰብንም። 64 ሺህ መድረክ መሪው በማይክሮፎን የተናገረው ቁጥር ነው። አዳራሹ አጨበጨበ፣ እልል ተባለ፣ በማግስቱ ቁጥሩ በየስልኩ ዞረ። ከዚያ ወዲህ እንደ ታሪክ ይጠቀሳል። መዝገቡ የሚለው ግን ሌላ ነው።

220 ሰው በ100 ዶላር ቲኬት ገብቷል፤ ይህ 22 ሺህ በእጃችን ነበር። የቀረው 42 ሺህ በጨረታ የተባለና ቃል የተገባ ነው። ከዚህ ውስጥ በዚያው ሌሊት የተከፈለው 17,500 ብቻ ነበር። አምስት ወር ሙሉ ስልክ ስንደውል ከርመን 9,500 ጨመርን። 15 ሺሁ እስከ ዛሬ አልገባም። እንግዲህ የገባው 49 ሺህ ነው። ወጪውን ቀንሱ፦ ምግብ 15,400፣ አዳራሽ 5 ሺህ፣ ባንድና ድምፅ 4 ሺህ፣ ኅትመትና ልዩ ልዩ 1,600። ለልጆቹ የተረፈው 23 ሺህ ዶላር ነው።

በዚያ ምሽት ስምንት ልጆች መድረክ ላይ አውጥተን፣ ለእያንዳንዳቸው 5 ሺህ ዶላር የተጻፈበት ትልቅ የካርቶን ቼክ አስይዘን ፎቶ አንስተናቸዋል። 40 ሺህ ማለት ነው። 23 ሺህ ለስምንት ሲካፈል 2,875 ይደርሳል።

ከስምንቱ አንዷ 800 ሜትር የምትሮጥ ልጅ ነበረች። እራቱ በኖቬምበር ነው የተደረገው፤ የሁለተኛው ሴሚስተር ክፍያ በጃንዋሪ ይጠየቃል። እኛ ያን ጊዜ ገና ስልክ ላይ ነን። እናቷ በእኛ 5 ሺህ ተማምና ሌላ ብድር አልፈለገችም። ክፍያው ሲዘገይ ኮሌጁ ሒሳቧን አገደው፤ ሒሳቡ የታገደ ተማሪ ደግሞ ለትምህርት መመዝገብ አይችልም። የኮሌጅ አትሌት ለመወዳደር የሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆን አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 12 ክሬዲት ማለት ነው። ያልተመዘገበች ልጅ አትሮጥም። የቤት ውስጥ ውድድሮቹ ሲካሄዱ እሷ ቤቷ ተቀምጣ ነበር። እናቷ ደወለችልኝና «እህቴ፣ ያ ፎቶው ላይ ያለው ቼክ መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። አሁንም የመድረክ ቁጥር ሲጠራ በሰማሁ ቁጥር የዚያች እናት ድምፅ ነው የሚመጣብኝ።

ሰዎቻችን ውሸታሞች ናቸው እያልኩ አይደለም። ከእነዚያ ያልከፈሉ ሰዎች ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ለለቅሶም ለሠርግም ቀድመው የሚደርሱ ናቸው። ችግሩ የእኛ አጠያየቅ ነው። አጫራቹ በስም እየጠራ «አቶ እገሌ 2 ሺህ ብለዋል፣ ወንድማቸውስ ዝም ይላሉ?» ይላል። ሰውየው ሚስቱ፣ አማቹ፣ የዕድሩ ሊቀመንበር እያዩት እንዴት እምቢ ይላል? በይሉኝታ እጁን ያነሳል። በማግስቱ የቤት ኪራዩን አስቦ ይጨነቃል። እኛ ስንደውል ስልክ አያነሳም፤ ከዚያ ስብሰባ ይቀራል፤ ከዚያ ጭራሽ ከማኅበሩ ይጠፋል። እኔ በደንብ የማስታውሳቸው አራት ቤተሰቦች በዚህ ምክንያት ተለይተውናል። ገንዘቡንም ሰዉንም አጣን።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት እንዲህ አደረግን፤ እናንተም እንዲህ አድርጉ። እንግዳው በር ላይ ሲገባ ስሙን፣ ስልኩንና የክሬዲት ካርዱን አስመዝግቦ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ይቀበላል። መድረክ ላይ ስም አይጠራም፤ ቁጥር ብቻ ይጠራል። ከጨረታው ዕቃ ሌላ በቀጥታ ለልጆቹ መስጠት ለሚፈልግ ከላይ ተጀምሮ ወደ ታች ይወረዳል፦ 2,500 የሚሰጥ? 1,000? 500? 250? 100? ከላይ ሲጀመር አቅም ያለው ቀድሞ ይነሳል፤ 100 የሚሰጠውም ተራው ሲደርስ አብሮ ካርዱን ያነሳል። ሁለት ሰዎች በተለያየ ጥግ ቆመው ቁጥሮቹን ይጽፋሉ፤ መጨረሻ ላይ ዝርዝሮቻቸው ይመሳከራሉ። ማንም ሳይከፍል ዕቃውን ይዞ አይወጣም። በዚያ ዓመት ከቲኬት ውጪ የተነገረው 31 ሺህ ነበር፤ በአሥር ቀን ውስጥ 30,400 ባንክ ገባ። ያ ወጣት «አነስን» የሚለው ይህንን ነው። 31 ሺህ ከ42 ሺህ ያንሳል፤ 30,400 ግን ከ27 ሺህ ይበልጣል።

«አዳራሹ ከሞላ ተሳክቷል»

ከላይ ያለውን ሒሳብ እንደገና እዩት። 22 ሺህ በቲኬት ገባ፣ 26 ሺህ ወጣ። እያንዳንዱ እንግዳ 100 ዶላር ከፍሎ ወደ 118 ዶላር አስወጥቶናል። አዳራሹ ሞልቶም እራቱ ብቻውን አክስሮናል፤ የሚያድነን ጨረታው ብቻ ነው። የእራቱን ወጪ ስፖንሰር ካልሸፈነው አትጀምሩት። ሱቅ ያላቸው፣ ቤት የሚሸጡ፣ ክሊኒክ የከፈቱ ወገኖች ሞልተዋል። ለአንድ ጠረጴዛ ስፖንሰር ሁኑ ሲባሉ እሺ የሚሉት ግን ከአራት ወር በፊት ሲጠየቁ ነው።

«ዕቃ በበዛ ቁጥር ገንዘብ ይበዛል»

220 ሰው ማለት አብዛኛው ባልና ሚስት ነው፤ የሚጫረተው ወደ 110 ቤተሰብ ነው። 60 ዕቃ ስትደረድሩለት ሁሉም በመነሻ ዋጋው ይሄዳል። ወደ 18 አወረድነው፤ ፉክክሩ ያን ጊዜ መጣ።

«ጉዞው በነፃ ነው የተሰጠን»

ብዙ ጊዜ አይደለም። ለጨረታ የሚሆን የሽርሽር ጉዞ የሚያቀርቡ ድርጅቶች የራሳቸው የተቆረጠ ዋጋ አላቸው፤ ጉዞው ከተሸጠ እሱን ይወስዳሉ፣ ለእናንተ የሚቀረው ትርፉ ነው። በ2 ሺህ የተሸጠ ጉዞ 150 ዶላር ብቻ ሲያስገባ አይቻለሁ። አዳራሹ ውስጥ ያለው 2 ሺህ ዶላር የመስጠት አቅም ግን በእሱ አለቀ።

«በጨረታ የከፈልኩት ሙሉው ከታክስ ይቀነስልኛል»

አይቀነስም፤ ይህን ደግሞ የኮሚቴ አባላት ራሳቸው መድረክ ላይ ወጥተው ሲያውጁት ያመኛል። ከታክስ የሚቀነሰው ከዕቃው የገበያ ዋጋ በላይ የተከፈለው ብቻ ነው። ገበያ ላይ 300 ዶላር የሚያወጣ የሀበሻ ቀሚስ በ500 የገዛች ሴት 200 ዶላር ሰጥታለች፤ 300ው ግዢ ነው። ያም ቢሆን የገበያ ዋጋው አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ዕቃ ወረቀት ላይ ግምቱን ጻፉ። ቲኬቱም እንደዚያው ነው፤ የበላው ምግብ ዋጋ ይቀነሳል። አንድ ሰው ከ75 ዶላር በላይ ከፍሎ በምትኩ የሆነ ነገር ካገኘ፣ ያገኘው ነገር ስንት እንደሚገመት ማኅበሩ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ይህን ያልፈጸመ ማኅበር በእያንዳንዱ ክፍያ 10 ዶላር፣ ለአንድ ዝግጅት እስከ 5 ሺህ ዶላር ሊቀጣ ይችላል። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ደግሞ ታክሱን ለማስቀነስ ከማኅበሩ የተጻፈ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል።

ዕቃና አገልግሎት ስለሚሰጡን ደግሞ እውነቱን ቀድማችሁ ንገሯቸው። የፀጉር ሠሪዋ ጊዜና ጉልበት ከታክስ አይቀነስም። ሠዓሊው የራሱን ሥዕል ሲሰጥ የሚቀነስለት የሸራውና የቀለሙ ወጪ ነው፤ ሥዕሉ በስንት እንደተሸጠ አይታይም። የዕረፍት ቤቱን ለአንድ ሳምንት የሰጠም በኪራዩ ግምት አያስቀንስም። አንድ ሠዓሊ ወንድማችን ይህን ከታክስ ሠራተኛው አፍ ሰምቶ «አታላችሁኛል» ብሎናል፤ አልፈርድበትም።

በእራቱ ላይ የሚሸጥ የሎተሪ ቲኬት ከታክስ ፈጽሞ አይቀነስም፤ በሕግ ዓይን ቁማር ስለሆነም መጀመሪያ የካውንቲያችሁን የፈቃድ ደንብ ጠይቁ።

«ገንዘቤን ለእህቴ ልጅ ስጡልኝ»

አንድ የምናከብራቸው ጋሼ 3 ሺህ ዶላር አምጥተው «ለልጅ ልጄ ይሁን» አሉ። ልጁ ጎበዝ ኳስ ተጫዋች ነው፣ ቢያመለክት ሊያሸንፍም ይችል ነበር። መልሰን ሰጠናቸው። ስሙ ለተጠራ ሰው ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ለበጎ አድራጎት እንደተሰጠ አይቆጠርም፣ ከታክስም አይቀነስም፤ ማኅበሩ የቤተሰብ ገንዘብ ማስተላለፊያ ከሆነ ከታክስ ነፃ የመሆን ፈቃዱን አደጋ ላይ ይጥላል። እሳቸው ዓመት ሙሉ አኮረፉኝ። መስፈርቱን በጽሑፍ አውጡ፣ ዘመዱ ያመለከተበት ሰው ከመራጭነት ይነሳ፣ ማን ለምን እንደተመረጠ መዝግባችሁ አስቀምጡ።

«ጎበዝ አትሌት ከሆነ ኮሌጁ በነፃ ያስተምረዋል፤ የእኛ ገንዘብ ለምን?»

ወላጆች ሁሉ ያሬድ ንጉሤን ይጠቅሱልኛል። እኔም እኮራበታለሁ፤ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ኬንታኪ ተወልዶ፣ ኖተርዳም ባዮኬሚስትሪ ተምሮ፣ በ2019 የኮሌጆችን የ1500 ሜትር ሻምፒዮና አሸንፎ፣ በፓሪስ 2024 ነሐስ ያመጣ ልጅ ነው። ነገር ግን በየቡድኑ ሰባተኛ ሆኖ የሚገባ ልጅም አለ፤ እሱም የትምህርት ክፍያ አለበት። የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚያስተዳድረው ማኅበር ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ራሱ እንደሚለው፣ ከሁለተኛ ደረጃ አትሌቶች የኮሌጅ የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚያገኙት 2 በመቶ ያህሉ ናቸው። ዲቪዥን ስሪ የሚባሉት የሦስተኛው የውድድር ምድብ ኮሌጆችና አይቪ ሊግ (እነ ሃርቫርድና ዬል) የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም። በከፍተኛው ምድብ በዲቪዥን ዋን እንኳ፣ በወንዶች አትሌቲክስ ለረጅም ዘመን ለመላው ቡድን የተፈቀደው የ12.6 ሙሉ ስኮላርሺፕ ያህል ገንዘብ ነበር፤ አሠልጣኙ ለብዙ ልጆች ይቆራርሰዋል። በ2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው የአትሌቶችና የኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ስምምነት ውስጥ በገቡ ኮሌጆች ይህ ጣሪያ ተነስቶ በቡድን አባላት ቁጥር ገደብ ተተክቷል፤ ይሁንና ኮሌጁ ለእያንዳንዱ አባል እንዲከፍል የሚያስገድደው የለም።

«ቼኩን ለልጁ በእጁ እንስጠው»

አትስጡት። ቼኩ በኮሌጁ ስም ተጽፎ፣ የልጁ ስምና የመታወቂያ ቁጥር ተጠቅሶበት ወደ ኮሌጁ ይላካል። ልጁ አትሌት ከሆነ ገንዘቡን ለኮሌጁ የኮምፕሊያንስ ቢሮ (የስፖርት ደንቦች መከበራቸውን ለሚከታተለው ክፍል) ማሳወቅ አለበት። በስፖርት ችሎታው የሚሰጥ ከሆነ፣ ሰጪው «እዚህ ኮሌጅ ካልገባህ» ብሎ ምርጫውን መገደብ አይችልም፤ በሰጪውና በኮሌጁ መካከልም ቀጥተኛ ግንኙነት መኖር የለበትም። አንድ ኮሚቴ «በአቅራቢያችን ላለው ኮሌጅ ለሚጫወቱ ብቻ» የሚል መስፈርት ሊጽፍ ሲል በስንት ክርክር አስቆምነው። ልጆቹ የመጫወት መብታቸውን ሊያጡ ይችሉ ነበር።

ሌላም አለ። ኮሌጁ የእኛን 3 ሺህ ሲያይ ከራሱ እርዳታ 3 ሺህ ሊቀንስ ይችላል፤ ያን ጊዜ የረዳነው ኮሌጁን ነው። ሜሪላንድ በ2017 ይህን በመንግሥት ኮሌጆች በሕግ በመገደብ ከክፍለ ግዛቶች ቀዳሚዋ ናት። የግል ኮሌጅ ከሆነ ወይም ሌላ ክፍለ ግዛት ከሆነ ቀድማችሁ ደውሉና ገንዘባችን መጀመሪያ ብድሩን ይተካ ብላችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። ለወላጆችም ንገሯቸው፦ ለትምህርት ክፍያና ለግዴታ መጻሕፍት የዋለው ስኮላርሺፕ ታክስ የለበትም፤ ለመኝታና ለምግብ የዋለው ግን የልጁ ገቢ ሆኖ ይቆጠራል።

«ትንሽ ማኅበር ነን፣ ሪፖርት አይመለከተንም»

ዓመታዊ ገቢያችሁ በተለምዶ ከ50 ሺህ ዶላር የማይበልጥ ከሆነ በኢንተርኔት የሚሞላ አጭር ቅጽ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። ሦስት ዓመት ተከታትሎ ያላስገባ ማኅበር ግን ከታክስ ነፃ የመሆን ፈቃዱን በራሱ ጊዜ ያጣል። የሚያስጠነቅቃችሁን ሰው አትጠብቁ።

ለዘንድሮው ኮሚቴ ይህን አስረክቤያለሁ። እራቱ ከኖቬምበር ወደ ኤፕሪል ዞሯል። የካርቶን ቼክ አይኖርም። ለስድስት ልጆች ለእያንዳንዳቸው 3,500፣ በጠቅላላው 21 ሺህ ዶላር፣ አምና ከተሰበሰበው አሁኑኑ ባንክ ተቀምጧል፤ ቼኮቹ በጁላይ፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ክፍያ ከመጠየቁ በፊት ይላካሉ። በእራቱ ምሽት የሚገባው ገንዘብ ለሚቀጥለው ዓመት ልጆች ነው።