ተንቀሳቃሽ የአትክልት መሸጫ መደብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጠዋት ለምለም የነበረ ሰላጣ እኩለ ቀን ላይ ከጠወለገ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የመደቡ ነው። ጠዋት ተተክሎ ማታ የሚነሳ መደብ ሲሠራ ደጋግመው የሚሰሙ አመለካከቶች እነዚህ ናቸው።

«ቋሚው ጠንካራ ብረት ከሆነ ነፋስ አያነሳውም»

ነፋስ የሚይዘው ሸራውን ነው። 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ሸራ 9 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የ6 ኪሎ ያህል ግፊት ስላለው፣ ከሥር ገብቶ ሸራውን ከሞላው ከ50 ኪሎ በላይ ወደ ላይ ይገፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በየእግሩ ውሃ የተሞላ ባለ20 ሊትር ጀሪካን ይታሰር፤ አሸዋ ከሞሉት 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ገመዱ ከቋሚው አናት፣ ከሸራው ማዕዘን ይጀምር። ታች ብቻ ከታሰረ እግሩ መሬት ላይ ቀርቶ የላይኛው ክፍል ከመጋጠሚያው ሊነቀል ይችላል። ጀሪካኑ መሬት ላይ አርፎ ከእግሩ ጋር ይጠጋ፤ ተንጠልጥሎ ከተወዛወዘ ቋሚውን ይደበድባል፣ ወደ መተላለፊያው ከወጣ ገዢ ያደናቅፋል። ነፋሱ ከበረታ ግን ሸራውን ማውረድ ነው እንጂ ክብደት መደራረብ አያድንም።

«ደማቅ ሸራ ገዢ ይስባል»

ከሩቅ ይስባል። ቀርበው ሲያዩ ግን በሰማያዊ ሸራ ሥር ያለ ቲማቲም ጠቆር፣ በቀይ ሸራ ሥር ያለ ሰላጣ ቡናማ መስሎ ይታያል። ጣሪያው ነጭ ወይም ክሬም ይሁን፤ ደማቁን ቀለም ለፊት መጋረጃው ይተዉት።

«ቁልሉ ከፍ ባለ ቁጥር ይሸጣል»

ገዢ የሞላ መደብ እንደሚወድ እውነት ነው፤ ግን ሙላቱን ምርት በመቆለል ብቻ ማምጣት የለብንም። የበሰለ ቲማቲም ከሁለት ደርብ በላይ ሲቆለል የታችኛው ይጨፈለቃል፣ ጭማቂው ሌላውን ያበላሻል። ይልቅ ጠረጴዛውን ያዘንብሉት። የፊቱ ጠርዝ ከመሬት 75 ሴንቲ ሜትር፣ የኋላው 90 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ዝንባሌው 14 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ፊት ለፊቱ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ማገጃ ካልተመታ ግን ክብ ክቡ ሁሉ ይንከባለላል።

«ውሃ መርጨት ሁሉንም ትኩስ ያደርጋል»

ለቅጠላ ቅጠል ይበጃል፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና እንጆሪ ግን እርጥበት ያበሰብሳቸዋል። የሚረጨውን በአንድ ጎን ለይተው፣ ከሥሩ በ1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት የተደረደሩ ጣውላዎች ያድርጉለት። ፕላስቲክ ከተነጠፈ ውሃው ይጠራቀምና ቅጠሉ ከታች መበስበስ ይጀምራል።

«ጎማ ካለው ተንቀሳቃሽ ነው»

ትንሽ ጎማ ጠጠርና ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል፤ ዲያሜትሩ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ይሻላል። መደቡም አንድ ሰው ብቻውን በሚያነሳቸው ክፍሎች ይከፈል። የመጋጠሚያ ፒኖቹን በአጭር ሰንሰለት ከቋሚው ጋር ያያይዙ፤ አንዷ ከጠፋች ጠዋት መደቡ አይቆምም።