አንድ ሰው ብቻውን ባንድ ሲሆን፦ ኦቨርደብ ምንድን ነው?

አንዳንድ አልበም ላይ አኮርዲዮኑንም ኪቦርዱንም ቤዙንም የተጫወተው አንድ ሰው ነው። «እጁ ስንት ነው?» ያሰኛል። መልሱ ኦቨርደብ ነው። ሙዚቀኛው መጀመሪያ አንዱን መሣሪያ ይቀዳል። ከዚያ የቀዳውን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ሁለተኛውን ይደርብበታል። እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ትራክ፣ ማለትም ለብቻው የተቀዳበት መስመር፣ ስላለው አንዱ ቢበላሽ እሱን ብቻ መድገም ነው።

ለሰሜን ሸዋ ሰው ምሳሌው ቅርብ ነው። ኃይሉ መርጊያ የደብረ ብርሃን ተወላጅ ናቸው። በዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ሲጫወቱ ቆይተው አሜሪካ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ካሴት ከኋላቸው ባንድ አልነበረም። ምቱን ለድራም ማሽን፣ ከበሮውን በራሱ ለሚመታ መሣሪያ፣ ሰጥተው አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖና ሲንተሳይዘሩን ራሳቸው ደራረቡት። በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዱ ነበር። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ድጋሚ ታትሞ ውጭ አገር አዲስ አድማጭ አገኘ።

መሰንቆ ሲጨመር ነገሩ ይከብዳል። አኮርዲዮን ድምፁ ከፋብሪካ ተቆርጦ የመጣ ነው፤ ቅኝትህን ከፍ አድርግ ዝቅ አድርግ ቢሉት አይሰማም። የመሰንቆ ጭራ ግን ጣት ያረፈበትን ያወጣል። ስለዚህ ማንም ቀድሞ ይቀዳ፣ መሰንቆው አስቀድሞ በአኮርዲዮኑ ይቃኝ። መሰንቆው ቀድሞ ቅኝቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ከተቀዳ በላዩ የሚመጣው አኮርዲዮን ሁሉ ከእሱ ጋር የተጣላ ይመስላል።

የሌላ አገር ዜማ ለማዋሃድ ከቅኝቶቻችን ትዝታ ገር ነው። ሙሉ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። እነዚሁ አምስቱ በስኮትላንድም በቻይናም የሕዝብ ዜማ ውስጥ አሉ፤ የስኮትላንድ ቫዮሊን ቢደረብበት ጆሮ አይቆረቁርም። አንቺ ሆዬ የሚባለው ቅኝት ግን አስቸጋሪ ነው። በመሰንቆና በሰው ድምፅ ሲወጣ ፒያኖ ቁልፎች መሃል የሚወድቅ ድምፅ አለው። ኪቦርድ ተጫዋቹ የሚቀርበውን ቁልፍ መርጦ ያልፋል፤ ሠርግ ላይ የጠገበው ሰው ግን ወዲያው ይነቃበታል።

ሌላም የሚቀር ነገር አለ። አዝማሪ «ተቀበል!» ሲባል ዜማውን ያራዝማል፣ ሲፈልግ ያሳጥራል፤ መሰንቆውም አብሮት ይሄዳል። ድራም ማሽን ማንንም አይጠብቅም። ለእኔ ድምፁና መሰንቆው ያለ ማሽን አንድ ላይ መቀዳት አለባቸው፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይደረብ። አኮርዲዮን ካለ መሰንቆው ከመቀዳቱ በፊት በእሱ ይቃኝና ነገሩ ያልቃል። አድካሚ ነው፤ የሚደርበው ሰው አዝማሪው የት እንደሚተነፍስ ሳይቀር ማጥናት ይኖርበታል።

አሁን ለመጀመር ስቱዲዮ መከራየት የግድ አይደለም። በስልክ የሚሠሩ ባለብዙ ትራክ መቅጃ መተግበሪያዎች ሞልተዋል። ማዳመጫው ብቻ ባለ ገመድ ይሁን፤ ብሉቱዝ ድምፁን ስለሚያዘገየው ሁለተኛው ትራክ ከመጀመሪያው ወደ ኋላ ይቀራል።