ስለተበከሉ ባዶ ቦታዎች የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የተዘጋ ፋብሪካ፣ የፈረሰ ጋራዥ ወይም ሥራ ያቆመ ነዳጅ ማደያ ጦሙን ባደረበት ሰፈር ነዋሪው ለምክክር በተሰበሰበ ቁጥር «ቦታው ተበክሏል፤ አጥሮ መተው ይሻላል» የሚል ሰው አይጠፋም። የአፈር ብክለትን በመመርመር ሥራ ላይ ለቆየ ሰው ይህን ደጋግሞ መስማት ያታክታል፤ ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን የውሳኔውን ዋጋ የሚከፍለው ሌላ ሰፈር መርጦ ለመኖር አቅም የሌለው ነዋሪ መሆኑ ነው። ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ቀለል ያሉትን ላንሳ።

«ሣር ከበቀለበት አፈሩ ንጹሕ ነው።» አይደለም። በእርሳስ (ሊድ በተባለው መርዛማ ብረት) የተበከለ አፈር በማሽተትም ሆነ በማየት አይለይም፤ ብዙ ዕፅዋትም በላዩ ለምልመው ይበቅላሉ።

«የሱፍ አበባ ብንተክልበት ያጸዳዋል።» እርሳስ ከአፈር ጋር አጥብቆ ስለሚጣበቅ በሥር በኩል የሚሳበው ጥቂት ነው፤ መርዙን የሳበው ተክልም በጥንቃቄ መወገድ ያለበት ቆሻሻ ይሆናል።

«አፈሩ በሙሉ ተዝቆ ካልወጣ ቦታው ለምንም አይውልም።» ብክለት ጉዳት የሚያደርሰው መርዙ፣ መርዙ የሚጓዝበት መንገድና የሚደርስበት ሰው ሲገናኙ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ከተቋረጠ አደጋው ይቋረጣል። በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ከ1906 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ጋዝ ሲመረትበት የነበረው ቦታ በ1975 ለሕዝብ መናፈሻነት የተከፈተው ከአፈሩ ከፊሉ እዚያው በረቂቅ ተሕዋስያን እንዲታከም ተደርጎ ነው። መናፈሻው በሚያዋስነው ሐይቅ ደለል ውስጥ ብክለት ስላለ ግን ከመናፈሻው ዳርቻ መዋኘት ክልክል ነው፤ እንዲህ ያለ ገደብ በግልጽ መቀመጡ የሥራው አንድ አካል ነው።

አሁን ወደ አጥሩ ልመለስ። አጥር ሰውን ለጊዜው ይከለክል ይሆናል፤ ዝናብንና ነፋስን ግን አይከለክልም። ከተቀበረ ታንክ የፈሰሰ ቤንዚን ቀስ በቀስ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይወርዳል፤ ላውንደሪዎች ለደረቅ እጥበት የሚጠቀሙበት ፐርክሎሮኤትሊን የተባለ ፈሳሽ ኬሚካል በአፈር ውስጥ ተን ሆኖ በጎረቤት ቤት የወለል ስንጥቅ ይገባል፤ እርሳስም ከአቧራ ጋር ተነሥቶ በሕፃናት ጣት ላይ ያርፋል። ቤንዚንን አየር ካገኙ ረቂቅ ተሕዋስያን በጊዜ ብዛት ሊያፈርሱት ይችላሉ። እርሳስ ግን ራሱ መሠረታዊ ንጥረ ነገር (ኤለመንት) ስለሆነ የትኛውም ተሕዋስ አያፈርሰውም። በዛምቢያ ካብዌ የነበረው የእርሳስና የዚንክ ማዕድን ማውጫ በ1994 እ.ኤ.አ. ቢዘጋም፣ ከተከመረው ተረፈ ምርት የሚነሣው አቧራ ከተዘጋ በኋላም የሕፃናትን ደም መበከሉን አላቆመም።

ሸፍኖ መርሳትም ያው ነው። በኒውዮርክ ግዛት ላቭ ካናል በተባለው ስፍራ አንድ ኩባንያ ከ20,000 ቶን በላይ የኬሚካል ቆሻሻ ከቀበረ በኋላ ቦታውን በ1953 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ቤት ቦርድ በአንድ ዶላር አስተላለፈ። በላዩ ትምህርት ቤት፣ በዙሪያውም መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ፤ በ1978 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ቤተሰቦች ሰፈራቸውን ለቀው ወጡ።

«ከሁሉ በፊት ቆፍሮ ናሙና መውሰድ ነው» የሚሉም አሉ። የመጀመሪያው ደረጃ አንድ አካፋ አፈር ሳይነሣ የሚሠራ ነው፤ የባለቤትነት መዝገብ፣ አሮጌ ካርታ፣ የነዋሪ ምስክርነት። አንድ የቀድሞ ጋራዥ ስንመረምር ፕላኑ የሚያሳየው የነዳጅ ታንኩን ብቻ ስለነበር መቆፈሪያውን እዚያ ልንተክል ስንል፣ በወጣትነታቸው እዚያ ይሠሩ የነበሩ አንድ አዛውንት ከጓሮው ጥግ ወስደው «ባትሪ የምንሰብረው፣ አሲዱንም የምንደፋው እዚህ ነበር» አሉን። የመኪና ባትሪ እርሳስ አለበትና፣ የእርሳሱ መጠን ከፍተኛ ሆኖ የተገኘው ከዚያ ጥግ በተወሰደው ናሙና ነው። አዛውንቶቹን ሳይጠይቅ ማሽን ይዞ የሚመጣ መርማሪ ጊዜም ገንዘብም ያባክናል።

ስለዚህ ሪፖርት ሲቀርብላችሁ ናሙናው ከየትኛው ጥግና ከምን ያህል ጥልቀት እንደተወሰደ ጠይቁ፤ ሕፃናት የሚነኩት የላይኛውን አፈር ነውና ከጥልቅ ብቻ የተወሰደ ናሙና ስለ እነርሱ የሚነግራችሁ ነገር የለም። «ከመመዘኛው በታች ነው» ከተባላችሁም የየትኛው ዓመት መመዘኛ እንደሆነ አጣሩ፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለመኖሪያ አፈር የሚጠቀምበትን የእርሳስ መመዘኛ በ2024 እ.ኤ.አ. ከ400 ወደ 200 ሚሊግራም በኪሎግራም ዝቅ አድርጎታል። ጽዳቱ እስኪጀመር ድረስ የተራቆተውን አፈር ሸፍኑ፣ ጫማችሁን ደጃፍ ላይ አውልቁ፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ፣ አትክልትም ንጹሕ አፈር በተሞላ ከፍ ያለ መደብ ላይ ትከሉ። ቦታው ሲጸዳ የአካባቢው ኪራይ ሊንር ስለሚችል፣ ነባሩ ተከራይ ሰፈሩን ሳይለቅ የሚቆይበትን ስምምነት ቡልዶዘሩ ከመግባቱ በፊት በጽሑፍ አስፈርሙ።