የአፈሙዝ ርዝመት ምንድን ነው? ለዒላማና ለአደን ስንት ይበቃል?

ጎጃም ውስጥ የጠመንጃ ወሬ ከተነሳ «ረጅሙ አይስትም» የሚል ሰው አይጠፋም። ሽማግሌው ስለ ውጅግራ የሰማውን ያነሳል፣ ጎልማሳው ቤልጅጉን ያወድሳል፣ ወጣቱ ለክላሹ ይሟገታል። ክርክሩ ደስ የሚል ነው። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን፣ ፍጥነትንና ትክክለኛነትን፣ አንድ ላይ ይጨፈልቃቸዋል። የአፈሙዝ፣ ማለትም ጥይቱ ተገፍቶ የሚወጣበት የብረት ቱቦ፣ ርዝመት በቀጥታ የሚጨምረው ፍጥነትን ነው። ጥይትን አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ የማሳረፉ ነገር በአብዛኛው ከሌላ ቦታ ይመጣል።

በቅድሚያ አለካኩ። የአፈሙዝ ርዝመት ማለት ከተዘጋው መዝጊያ (ጥይቱን ከኋላ ከሚዘጋው ብረት) ፊት እስከ አፉ ጫፍ ያለው ነው፤ ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍል ይቆጠራል። ሰደፉ አይቆጠርም፤ አፉ ላይ ተጠምዝዞ የሚገባና የሚወጣ የእሳት መከለያም አይቆጠርም። ለዚህ ነው ሰደፉ የሚታጠፈው ክላሽ ከእንጨት ሰደፉ ያጠረ ቢመስልም የሁለቱም አፈሙዝ ያው 41.5 ሳንቲ ሜትር የሆነው።

ቃታው ሲሳብ ባሩዱ ተቀጣጥሎ ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ ጋዙም እርሳሱን፣ ማለትም ከጥይቱ ተላቆ የሚበረውን ጫፍ፣ ይገፋል። እርሳሱ ከአፈሙዙ እስኪወጣ ያለው ጊዜ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ያህል ነው። በዚያች ቅጽበት እርሳሱ ውስጥ እስካለ ድረስ ይገፋል፤ አፈሙዙ ሲረዝም የሚገፋበት መንገድ ይረዝማል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል። ጋዙ ግን ሰፊ ቦታ ባገኘ ቁጥር ጉልበቱ ይደክማል። መጨረሻ ላይ የምትጨመር እያንዳንዷ ሳንቲ ሜትር የምትሰጠው ከቀደመችው ያነሰ ነው።

ይህን በደንብ የሚያሳዩ ሦስት መሣሪያዎች አሉ፤ ሦስቱም የሚጎርሱት አንድ ዓይነት ጥይት፣ 7.62 በ39 የሚባለውን (የእርሳሱ ስፋትና የቀለሃው ርዝመት በሚሊ ሜትር) ነው። የክላሹ አፈሙዝ 41.5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ጥይቱ በሰከንድ 715 ሜትር ያህል ይወጣል። ሲሞኖቭ 52 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ፍጥነቱ 735 ነው። አርፒኬ መትረየስ 59 ሳንቲ ሜትር ሆኖ 745 ላይ ይቆማል። ከክላሽ እስከ አርፒኬ 17.5 ሳንቲ ሜትር ብረት ተጨምሮ የተገኘው 30 ሜትር ብቻ ነው፤ ከመቶ አራት እጅ።

ቀለሃው ትልቅ፣ ባሩዱ ብዙ ሲሆን ስሌቱ ይለወጣል። ቤልጅግ የሚጎርሰው 7.92 ወይም ኤም ዋን (የአሜሪካው ጋራንድ ጠመንጃ) የሚጎርሰው ጥይት ባሩዱን ለመጠቀም ሰፋ ያለ መንገድ ይፈልጋል። ለእንደዚህ ዓይነት ጥይቶች በየ2.5 ሳንቲ ሜትሩ በሰከንድ ከ7 እስከ 15 ሜትር የሚደርስ ለውጥ ይጠበቃል። ቤልጅግ 59፣ ኤም ዋን 61 ሳንቲ ሜትር የሆኑትም በከንቱ አይደለም። በተቃራኒው ትንሿ .22 ጥይት 40 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ባሩዷን ጨርሳለች፤ ከዚያ በላይ ያለው ርዝመት ለፍጥነት አይረዳትም።

ታዲያ የድሮዎቹ ለምን ያን ያህል ረዘሙ? በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከዋለው መሣሪያ አንዱ የነበረው ውጅግራ አፈሙዙ 82 ሳንቲ ሜትር ነበር። የሚተኩሰው በጥቁር ባሩድ ነው፤ ለዚያ ባሩድና ለዚያ ትልቅ እርሳስ ረጅም መንገድ ይጠቅማል። ጫፉ ላይ ሳንጃ ተሰክቶ እንደ ጦር እንዲያገለግልም ታስቦ ነው። ጭስ የለሽ ባሩድ ከመጣ በኋላ ርዝመቱ ግዴታ መሆኑ ቀረ። ከጣሊያን ጋር የመጣውን ካርካኖ ተመልከቱት፤ በአንድ ዓይነት ጥይት የሚሠሩ ሆነው የእግረኛው 78፣ የፈረሰኛው 45 ሳንቲ ሜትር ነበር። ፈረስ ላይ ላለ ሰው ረጅሙ ሸክም ስለሚሆንበት ከፍጥነቱ ጥቂት ተቀነሰለት።

ሽማግሌዎቹ «ረጅሙ አይስትም» ሲሉ ግን ዝም ብለው አይደለም። በዓይን በሚነጣጠር መሣሪያ አፈሙዙ ሲረዝም በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፤ የዓይን ስህተትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በክላሽ ይህ ርቀት 37.8፣ በሲሞኖቭ 48 ሳንቲ ሜትር ነው። ተኳሹ የፊተኛውን ጫፍ በ1 ሚሊ ሜትር ቢያዛንፍ በ100 ሜትር ላይ በክላሹ 26፣ በሲሞኖቩ 21 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይስታል። ረጅሙን የሚያስመሰግነው ይህ ነው። ጠመንጃው ላይ የማነጣጠሪያ መነጽር ከተገጠመበት ግን ጥቅሙ ይጠፋል፤ መነጽሩ የፊትና የኋላ ብሎ ነገር የለውም።

እንዲያውም መነጽር ባለው ጠመንጃ ላይ አጭር ሆኖ ወፍራም የሆነ አፈሙዝ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ሲተኮስ አፈሙዝ ይርገበገባል፤ ቀጭንና ረጅም ሲሆን የበለጠ ይርገበገባል፣ ቶሎም ይግላል። ሲግል ደግሞ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይሸሻል። ትክክለኛነትን የሚወስኑት የውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ ጥራት፣ የብረቱ ጥንካሬ፣ የአፉ ጫፍ ንጽህና እና ጥይቱ ለመሣሪያው መስማማቱ ናቸው።

ለዒላማ ብቻ ለሚተኩስ ሰው ምርጫው ቀላል ነው። ተሸክሞ አይሄድም፣ ተኝቶ ወይም ተደግፎ ይተኩሳል፣ ጥይቱንም ደጋግሞ ያወጣል። ስለዚህ ከ61 እስከ 66 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ወፍራም አፈሙዝ ይመቸዋል፤ ክብደቱም መርገፍገፉን ስለሚያስታግስለት ወዳጁ ነው። በ.22 የሚወዳደሩትም ብዙዎቹ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ይይዛሉ፤ እነሱ የሚፈልጉት ግን የማነጣጠሪያውን ርቀት ነው፣ ፍጥነቱን አይደለም።

አደን ሌላ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል፤ አደኑ በዱር እንስሳት አዋጅ፣ መሣሪያው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይገዛል። ያለ ፈቃድ ድኩላ ላይ የሚነጣጠር አፈሙዝ ርዝመቱ ስንትም ቢሆን ምክር የለኝም፤ የቀረን አውሬ ጥቂት ነው።

ፈቃድ ላለው ሰው ጥያቄው መሬቱ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ የተመለሰ ሰው የአንድ ኪሎ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ጉልበቱ ይነግረዋል። ቁጥቋጦ ውስጥ ረጅም አፈሙዝ ቅርንጫፍ ይነካል፣ ይንኳኳል፣ አውሬውም ይነቃል። አዳኝ የሚተኩሰው አንድ ወይም ሁለት ጥይት ስለሆነ የመጋሉ ነገርም አያሳስበውም። ለመካከለኛ ጥይት ከ51 እስከ 56 ሳንቲ ሜትር በቂ ነው። ባሩደ ብዙ ለሆኑት ኃይለኛ ጥይቶች 61 እና ከዚያ በላይ ይሻላል፤ ባጠረ አፈሙዝ ውስጥ ባሩዳቸው ሳያልቅ ወጥቶ በአፉ ላይ እሳትና ጩኸት ይሆናል። ጆሮ አንዴ ከተጎዳ አይመለስም፤ አጭር አፈሙዝ የመረጠ ሰው የጆሮ መከላከያ አይለየው።

ለእኛ አገር የሚያደላ አንድ ነገርም አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ጥይትን ብዙም አይዘውም። በ200 ሜትር ላይ ከክላሽ ወደ ሲሞኖቭ በመሄድ የሚገኘውን ያህል ፍጥነት የደጋው አየር ያለ ምንም ብረት ይቆጥባል። ደጋ ላይ ለሚተኩስ ሰው ለርዝመት መጨነቅ ይበልጥ ትርፉ ያንሳል ማለት ነው።

አሮጌ ጠመንጃ ሲመረጥ ከርዝመቱ በፊት መታየት ያለበት አፉ ነው። እርሳሱ በመጨረሻ የሚላቀቀው ከዚያ ስለሆነ በአንድ ጎን የተበላ ወይም የተፈነገለ ጠርዝ ጥይቱን ያዘነብለዋል። ለዓመታት ከፊት በኩል በብረት ዘንግ የተወለወሉ ቤልጅጎችና ካርካኖዎች ብዙዎቹ በዚህ ይጎዳሉ። ጥይት አለመጉረሱን በዓይንም በጣትም ካረጋገጡ በኋላ፣ መዝጊያውን አውጥቶ ከኋላ በብርሃን ማየት ነው፤ ቦዮቹ እስከ ጫፉ ድረስ ስል ሆነው መታየት አለባቸው። ከዚያ የመሣሪያውን የራሱን ጥይት ገልብጦ የእርሳሱን ሹል ወደ አፉ ማስገባት፤ እርሳሱ የተወሰነ ያህል ሳይገባ ቢቀር ጥሩ ነው፣ እስከ ቀለሃው አንገት ዘው ካለ ግን አፉ ሰፍቷል። እንዲህ የሆነ 80 ሳንቲ ሜትር አፈሙዝ ጠርዙ ንጹሕ ከሆነ 50 ሳንቲ ሜትር ጋር አይወዳደርም።