«ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን»፦ ስለ ዓለም ዋንጫ ምድብ ማጣሪያ የሚነገሩ ስህተቶች

ብራዚል ላስተናገደችው የ2014 ዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ዋልያዎቹ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከቦትስዋናና ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ጋር ምድብ አንድ ላይ ነበሩ። ኢትዮጵያ በ13 ነጥብ አንደኛ ሆና ጨረሰች፤ ደቡብ አፍሪካ 11፣ ቦትስዋና 7፣ መካከለኛው አፍሪካ 3 ነጥብ ያዙ። ስለዚያ ምድብ ዛሬም ብዙ ይወራል፤ ከሚወራው ግን ብዙው የተምታታ ነው። እዚህ የጨዋታ ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የዓለም ዋንጫዎቹ ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፏል።

«ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን»

ነጥብ መቀነስና ፎርፌ (የሜዳውን ውጤት ሰርዞ ጨዋታውን ለተጋጣሚ መስጠት) ለየቅል ናቸው። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ሎባትሴ ላይ ቦትስዋናን 2 ለ 1 አሸንፈው ተመለሱ። ቅጣት የነበረበት ምንያህል ተሾመ ተሰልፎ በመገኘቱ ፊፋ ውጤቱን ሰርዞ ጨዋታውን 3 ለ 0 ለቦትስዋና ሰጠ። ቅነሳ ቢሆን ኖሮ ሦስት ነጥብ ብቻ ይሄድ ነበር፤ ጎሎቹ በቦታቸው ይቆያሉ፣ ቦትስዋናም ምንም አታገኝም። በፎርፌው ግን የአንድ ጎል ብልጫ ወደ ሦስት ጎል ዕዳ ተገለበጠ፤ በጎል ልዩነት አራት ጎል ማለት ነው። ቦትስዋናም ከ4 ነጥብ ወደ 7 ከፍ አለች። ስለዚህ አንድ ጨዋታ ሲቀር ሰንጠረዡ ኢትዮጵያ 10፣ ደቡብ አፍሪካ 8፣ ቦትስዋና 7 ሆነ። ያለቀ ይመስል የነበረው ምድብ ለሦስት ቡድን ክፍት ሆኖ ቀረ።

«ቢጫ ካርድ ወራት ካለፉት ይረሳል»

የጉዳዩ ሥር እዚህ ነው። ምንያህል የመጀመሪያውን ቢጫ ያየው ግንቦት 26 ቀን 2004 ዓ.ም. ከደቡብ አፍሪካ ጋር 1 ለ 1 በተለያዩበት ጨዋታ፣ ሁለተኛውን ደግሞ መጋቢት 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ቦትስዋና አዲስ አበባ ላይ 1 ለ 0 ስትሸነፍ ነው። በሁለቱ መካከል ዘጠኝ ወር ተኩል አለ፤ የማጣሪያ ጨዋታ ግን አንድ ብቻ ነው። ካርድ የሚቆጠረው በጨዋታ እንጂ በወር አይደለም። በዚያው የማጣሪያ ዙር በሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ያየ ተጫዋች በቀጣዩ የማጣሪያ ጨዋታ አይሰለፍም። ደብዳቤ መጣም አልመጣ ቅጣቱ በራሱ ይጸናል።

ብዙዎችን ያሳሳተው በመካከል የአፍሪካ ዋንጫ መግባቱ ነው። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ የተመለሰችበት ውድድር ስለነበር የሁሉም ሐሳብ እዚያ ነበር። የአፍሪካ ዋንጫ ካርድ ግን ከዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ካርድ ጋር አይደመርም፣ አያጠፋውምም። የወዳጅነት ጨዋታ ላይ ባለመሰለፍም የማጣሪያ ቅጣት አይከፈልም።

መከላከያው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ውድድር የተለየ ገጽ ይከፈታል፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ መስመር፣ ለእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ዓምድ። ጨዋታው እንዳለቀ ቡድን መሪው ከስታዲየም ሳይወጣ የዳኛውን ሪፖርት አይቶ ካርዶቹን ከነደቂቃቸው ይገለብጣል። ሁለተኛው ቢጫ በተጻፈበት ቅጽበት የሚቀጥለው ጨዋታ ዓምድ ላይ «አይሰለፍም» ተብሎ በቀይ ይሞላል፤ ነገ እጽፈዋለሁ የተባለ ይረሳልና። የአሰላለፍ ዝርዝር ከመግባቱ በፊት ደግሞ ዝርዝሩን ካዘጋጀው ሰው ሌላ አንድ ሰው ከገጹ ጋር ያመሳክረዋል። አሰልጣኝ ቢቀየርም ገጹ ከቡድኑ ጋር መቅረት አለበት።

«ተጋጣሚው ካልከሰሰ ጉዳዩ ይዘጋል»

አይዘጋም፤ ፊፋ በራሱ ተነሳሽነት መመርመር ይችላል። ለ2026 ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ሌሶቶን 2 ለ 0 ስታሸንፍ ሁለት ቢጫ የነበረበትን ቴቦሆ ሞኮኤናን አሰልፋ ነበር። ሌሶቶ በጊዜው አቤቱታ አላስገባችም። ከስድስት ወር በኋላ ግን ውሳኔው መጣ፤ 3 ለ 0 ለሌሶቶ። በ2005 ዓ.ም. በእኛ ስህተት ተስፋዋ የለመለመላት ደቡብ አፍሪካ ያንኑ ስህተት ደገመችው። ያም ሆኖ ምድቧን በ18 ነጥብ አንደኛ ሆና ጨርሳለች።

«ባፋና ባፋናን ያሸነፍን ዕለት አልፈናል፤ ለነገሩ በእርስ በርስ ውጤትም እንበልጣቸዋለን»

ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ከባፋና ባፋና፣ ማለትም ከደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ቡድን ጋር በተደረገው ጨዋታ ጌታነህ ከበደ አቻ አድርጎ፣ የእነሱው በርናርድ ፓርከር በራሱ መረብ ላይ አስቆጥሮ 2 ለ 1 ሲያልቅ አዲስ አበባ በደስታ አደረች። ሜዳ ላይ በተገኘው ውጤት ከሆነ በእርግጥ ታልፎ ነበር፤ ኢትዮጵያ 13፣ ደቡብ አፍሪካ 8 ነጥብ። ፎርፌው ግን ማለፉን ወደ መጨረሻው ጨዋታ፣ ጳጉሜን 2 ከመካከለኛው አፍሪካ ጋር በሜዳዋ ወደሚደረገው፣ አሻገረው። የመካከለኛው አፍሪካ «ሜዳ» የዚያን ቀን ዋና ከተማዋ ባንጊ ሳይሆን የኮንጎዋ ብራዛቪል ነበር፤ አገሪቱ በመፈንቅለ መንግሥት ማግስት ስለነበረች ነው።

«አቻ ይበቃናል» ያለ ሁሉ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ እኩል ነጥብ ያላቸውን ቡድኖች መጀመሪያ የሚለየው የእርስ በርስ ውጤት ነው። በዚያ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ግን ቀድሞ የሚታየው የምድቡ ጠቅላላ የጎል ልዩነት ነበር። ደቡብ አፍሪካ ያን ዕለት ቦትስዋናን 4 ለ 1 ረትታ 11 ነጥብና 7 የጎል ብልጫ ያዘች። ዋልያዎቹ አቻ ቢወጡ 11 ነጥብና 1 የጎል ብልጫ ብቻ ይኖራቸው ነበር። ደቡብ አፍሪካን በሁለት ጨዋታ አንዴ አሸንፈው አንዴ አቻ ቢወጡም ይወድቁ ነበር ማለት ነው። ብራዛቪል ላይ 2 ለ 1 ማሸነፋቸው የግድ ነበር።

«ያ ፎርፌ ባይኖር ብራዚል ነበርን»

ፎርፌው አንደኝነቱን አልነጠቀም። የ10 ምድብ አንደኞች ለ5 ቦታ ደርሶ መልስ ይጫወቱ ነበር፤ በዕጣው ጠንካራውን ቋት (ቡድኖች ለዕጣ የሚከፋፈሉበትን ክፍል) የሚለየውም የፊፋ ደረጃ እንጂ የምድብ ነጥብ አልነበረም። በ13ም በ16ም ነጥብ ዋልያዎቹ ያው ዝቅተኛው ቋት ውስጥ ይገቡ ነበር። በዕጣ የደረሰቻቸው ናይጄሪያ ናት፤ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፉ።

«ብዙ ነጥብ ያለው ሁለተኛ ያልፋል»

በ2026 ማጣሪያ 9 ምድቦች ነበሩ፤ አንደኞቹ በቀጥታ ሲያልፉ ከሁለተኞቹ የተሻሉት አራቱ ወደ ተጨማሪ ማጣሪያ ገቡ። ኤርትራ በመውጣቷ አንዱ ምድብ በአምስት ቡድን ስለቀረ፣ ሁለተኞቹ ሲወዳደሩ ከየምድባቸው ስድስተኛ ጋር ያገኙት ውጤት ተሰረዘ። ኢትዮጵያ በነበረችበት ምድብ ግብፅን ተከትላ በ21 ነጥብ የጨረሰችው ቡርኪና ፋሶ ጅቡቲን 4 ለ 1 እና 6 ለ 0 አሸንፋ ነበር፤ ያ ሁሉ ተነሥቶ 15 ነጥብ ቀራት። ናይጄሪያ 17 ነጥብ ይዛ ከስድስተኛዋ ዚምባብዌ ጋር ሁለቴ 1 ለ 1 ተለያይታ ስለነበር ያጣችው ሁለት ነጥብ ብቻ ነው፤ እሷም 15።

ያን ጊዜ የጎል ልዩነት ዳኘ፤ ናይጄሪያ 7፣ ቡርኪና ፋሶ 6። ሁለቱም ያስቆጠሩት እኩል 13 ጎል ነው። በመጨረሻው ጨዋታ ቡርኪና ፋሶ ኢትዮጵያን 3 ለ 1 ነበር ያሸነፈችው። ዋልያዎቹ ያስቆጠሯት ያቺ አንድ ጎል ባትገባ ኖሮ ሁለቱ ቡድኖች በነጥብም፣ በጎል ልዩነትም፣ ባስቆጠሩት ጎልም እኩል ይሆኑ ነበር።